በአባቴ ደም ውስጥ የቀረው መድኃኒት

የአባቴን ደም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያወረድኩት በበረዶ ሣጥን ነው። መድኃኒቱ ብርሃን ስለሚያበላሸው ብልቃጡን በፎይል ጠቅልዬዋለሁ። የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ሣጥኑን እያቀፍኩ ሾፌሩን በሆዴ ረገምኩት።

አባቴ አብዱልወሀብ የእግሩ አጥንት መርቅዞ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። የታዘዘለትን ኪኒን እየዋጠ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። እኔ ኮምቦልቻ ላብራቶሪ እንደምሠራ የሚያውቀው ሐኪም፣ «ኢንሻራህ፣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ስንት እንደደረሰ ለኪልኝ፤ በቂ ሆኖ ካልሠራ ሐሙስ እግሩን እንቆርጣለን» አለኝ።

ደሙን በማሽን አዙሬ ፕላዝማውን ለየሁ፤ ፕሮቲኑን በአሲድ አዝቅጬ አጣራሁና ለመለኪያው ሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ከሚጠበቀው ግማሽ እንኳ አልሞላም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አባባ ኪኒኑን በምንድን ነው የሚውጠው?»

«በወተት ነዋ! በባዶ ሆዱ ይዋጠው እንዴ? ብዙዬ ጠዋት ማታ ትኩሱን ታመጣለታለች።»

የወተት ካልሲየም ይህን መድኃኒት አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም አያሳልፈውም። እትዬ ብዙዬ የሆጤ ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው። በጾም ራሳቸው ሳይቀምሱ ላማቸውን አልበው ሆስፒታል ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ጨልጦ እስኪጠጣም ከአልጋው ራስጌ አይነቃነቁም። አባቴ ደግሞ ከእጃቸው የመጣን እምቢ አይልም። በጠያቂ ሁሉ ተናደድኩ። ሰው በደግነቱ ሰው ይገድላል እንዴ?

«ኪኒኑ በውሃ ብቻ! እትዬ ወተቱን ቀትር ላይ ያምጡ በያቸው» ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን እናቴ ደንግጣ «እሺ» አለች።

ረቡዕ እንደገና ደሴ ወጥቼ ደም ቀዳሁ፤ እንደገና ወረድኩ። መለኪያው እስኪጨርስ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ሐኪሙ ነገ ቢላዋ ያነሳል። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እያልኩ ቁጥሩ ወጣ። ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

ለሐኪሙ ደውዬ ስነግረው፣ «እንግዲህ መድኃኒቱ ገና መሥራት መጀመሩ ነው፤ ቀዶ ጥገናውን አቆየዋለሁ» አለ። ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ።

«አባባ፣ እግርህን አይቆርጡም! ለካ ያ ወተት…»

«አብሽሪ ልጄ» ብሎ አቋረጠኝ። «ብዙዬ እዚሁ አጠገቤ ናት።»

በስልኩ ውስጥ የእትዬ ብዙዬ እልልታ አስተጋባ። «እሰይ! ወተቴ ነው ያተረፈው፤ አላልኳችሁም?»

«ያንቺ ወተት ነው» አለ አባቴ። «ኢንሻራህም ለክታ ያገኘችው እሱን ነው። ንገሪያት እንጂ ልጄ!»

በእጄ የያዝኩትን የሁለቱን ቀን ውጤት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«እውነት ነው እትዬ» አልኩ።