እስከ ዘጠኝ ድረስ የተቆጠረች አራት ሰከንድ

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የፊውዝ ውሸት ግን ዓመት በዓመት እየወፈረ ሄዶ፣ ያን ቀን ጠዋት ደረቱ ላይ ተቀምጦ ከአልጋ አላስነሣ አለው።

ውሸቷ ስትጀመር አጭር ነበረች፦ "የኮሌጃችንን የፍጻሜ ጨዋታ ያሸነፍነው በመጨረሻዋ ሰከንድ እኔ ባስገባኋት ኳስ ነው።" የነገራት ለሴት ልጁ ነው። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ትኩሳት ይዟት እንቅልፍ እምቢ ብሏት። መጀመሪያ ኳሷ የተወረወረችው ከመሃል ሜዳ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ኳሷ ከራሱ ቅርጫት ሥር ተነሣች። ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሞላት ደግሞ ኳሷ ጣሪያ ነክታ፣ እዚያ የተኛች እርግብ ቀስቅሳ፣ እርግቧ ክንፏን ከመዘርጋቷ በፊት ቅርጫት ውስጥ ገባች። ቅጽል ስሙን እንኳ "ተቃራኒው ቡድን እኔን ሲያይ ፊውዙ ይቃጠል ስለነበር ነው" ብሎ ነበር ያስረዳት።

እውነቱን ለመናገር፣ ፊውዝ ትምህርቱን ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ኮሌጅ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ኳስ የነካው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ግንባሩን ስትመታው። ሥራው የሙዚቃ ክበቡን ድምፅ ማጉያ መሸከምና ገመድ መጠቅለል ነበር። ዛሬም የሰው ፍሪጅና ሬዲዮ እየጠገነ ነው የሚኖረው።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም፣ ልጅቷ በዚያች ኳስ ባታድግ ኖሮ። በዚያች ኳስ ምክንያት ቅርጫት ኳስ ጀመረች። በዚያች ኳስ ምክንያት ያንኑ ኮሌጅ መረጠች። አሁን የሴቶቹ ቡድን አምበል ናት። ዛሬ የድሮ ተማሪዎች ተሰብስበው ትዝታቸውን በማይክ የሚያወሩበት ቀን ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ የተናጋሪ ዝርዝር ሲያዘጋጁ የአባቷን ስም አስገብታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ "የመጨረሻዋን ኳስ ያስገባው ሰው" ተብሎ ይጠራል፤ ትዝታውን ያወራል፤ ከዚያ ያችኑ ኳስ ከዚያው ቦታ ቆሞ ደግሞ ይወረውራል።

"ዛሬ ደግሞ ምንህን ነው ያመመህ?" አለችው ሚስቱ።

"ወገቤን።"

"ትናንት ጉልበቴን አልነበር ያልከው?"

"ወደ ላይ እየወጣ ነው።"

"ምላስህ ጋ ሲደርስ ጥራኝ" አለችና ሸሚዙን ወረወረችለት።

አዳራሹ አልተለወጠም። ወለሉ ያው ጣውላ ነው፤ በአንደኛው ቅርጫት ጀርባ ያው መድረክ፣ ያው ወይን ጠጅ መጋረጃ። ድሮ ጨዋታም ኮንሰርትም የሚደረገው እዚሁ ነበር፤ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ሲጨርስ ዘፋኙ ይቀጥላል። ፊውዝ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና ቆመ። ያን ትልቁን፣ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ያለውንና ስልሳ ሲሞላ ራሱ እንደ ፊሽካ የሚጮኸውን የኤሌክትሪክ ሰዓት፣ ለትዝታ ብለው ከዕቃ ቤት አውጥተው ሰቅለውታል። ገመዱ እንደ ድሮው በመጋረጃው ሥር ገብቷል።

ልጁ እጁን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችው። የሻምፒዮኑ ቡድን ፎቶ እዚያ ተሰቅሏል።

"አባዬ፣ አንተ የት ነህ?"

አሥራ አንድ ተጫዋች፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ዋንጫ። መሃል ላይ፣ ከሁሉም በአንገት የሚበልጠው፣ ቀጭኔ የሚሉት ተጫዋች ኳሷን አቅፏል። ፊውዝ ፎቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ። ድንገት ከፎቶው ጠርዝ አንድ ነገር አየ፤ የተጠቀለለ ገመድ ያንጠለጠለና ጠባሳ ያለበት ክርን።

"ይኸው። ይሄ ክርን የኔ ነው።"

"ክርን ብቻ?"

"ፎቶ አንሺው ሲያየኝ እጁ ተንቀጠቀጠ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንደ ወትሮው ሙሉ አልነበረም። ፎቶውን ትንሽ ቆይታ አየችው።

የፕሮግራሙ መሪ ጉሮሮ የሚሉት ሰው ነበር፤ ያኔ የኮንሰርቱ ዘፋኝ፣ አሁን ሆዱ ከማይኩ የሚቀድም ሰውዬ። ዝርዝሩን ይዞ እየሳቀ መጣ። "አንተ ሌባ፣ የቀጭኔን ኳስ ሰረቅህ?" አለው፣ ደግነቱ በጆሮው ነው። "እኔ የለሁበትም፤ ሳቅ ከሆነ ሳቅ ነው። እንደ ድሮህ አስቀን።"

"ቀጭኔ መጥቷል?"

"እሱ መቼ መጥቶ ያውቃል? የሰው ጥርስ እየነቀለ ይሆናል።"

ፊውዝ አየር ሳበ። የሳበውን ሳያወጣ የአዳራሹ በር ተከፈተና አንድ ረጅም ሰው በበሩ አናት እንዳይመታ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከዘራ ይዟል፤ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ተነሣ። ቀጭኔ ግን ጭብጨባውን እንደ ዝናብ ትከሻውን ሰብስቦ አለፈውና በቀጥታ ወደ ፊውዝ መጣ።

ልጅቷ ቀደመችው። "ጋሼ፣ እርስዎም ያኔ ተጫዋች ነበሩ? እኔ የፊውዝ ልጅ ነኝ፤ የመጨረሻዋን ኳስ ያስገባው።"

ፊውዝ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታውን የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ቀጭኔ ልጅቷን አያት፤ የለበሰችውን መለያ፣ በብብቷ የያዘችውን ኳስ አየ።

"አውቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "አጠገቡ ነበርኩ።"

ልጅቷ ጓደኞቿ ጠርተዋት ስትሄድ፣ ቀጭኔ ፊውዝን በክንዱ ይዞ ወደ መጋረጃው ጥግ ወሰደው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ፊውዝ። "ወንድሜ፣ ዛሬ ያደረግህልኝን..."

"ምስጋናህን አስቀምጥና የምጠይቅህን መልስልኝ። እኔ ስጫወት ሰዓት አላይም ነበር፤ በሆዴ ነው የምቆጥረው። ያን ቀን ኳሷ ስትደርሰኝ አራት ሰከንድ ቀርቷል። ሦስት ብዬ ስቆጥር አንዱ ገፈተረኝ። አምስት ላይ ኳሷ አመለጠችኝ። ሰባት ላይ መልሼ ያዝኳት። የወረወርኩት ዘጠኝ ላይ ነው፤ ፊሽካው ከዚያ በኋላ ነው የጮኸው።"

"በጭንቅ ጊዜ ሰው ቶሎ ይቆጥራል..."

"ትከሻቸው ላይ ተሸክመውኝ ሲጨፍሩ እኔ እየደጋገምኩ እቆጥር ነበር። አሁንም በሽተኛ አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ እቆጥራለሁ። እዚህ የማልመጣውም ለዚህ ነው፤ ይገባኝ እንደሆነ ለማላውቀው ነገር እንዳያጨበጭቡልኝ። ዛሬ የመጣሁት ስምህን ዝርዝሩ ላይ አይቼ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኳሷ ከእጄ ስትወጣ በቅርጫቱ ሥር አሻግሬ መጋረጃው ጋ አንተን አየሁህ። እጅህ ላይ ስፒና ነበር። የምን ስፒና ነው?"

"የመብራት።"

"ፊውዝ።"

"የመብራት ነው አልኩህ።"

ቀጭኔ ከዘራውን አስተካክሎ ያዘ። "ማይኩ ላይ ያንተ ተራ ከኔ ይቀድማል። ካልተናገርክ ያየሁትን ሁሉ እኔ እናገራለሁ። ልጅህ ካንተ ብትሰማ ይሻላታል።"

ያን ጊዜ ተራው ሊደርስ ሁለት ሰው ቀርቶ ነበር። አንዱ ከበሮው ስለተቀደደበት ኮንሰርት አወራ፤ ሌላዋ ኳስ ስታይ ጫማዋ ስለጠፋባት ቀን። ሰው ይስቃል። ፊውዝ አንዱንም አልሰማም። የኋላውን በር አየ፤ ክፍት ነው። ከበሩ እስከ መንገዱ ሃያ እርምጃ። ከፊት ወንበር ደግሞ ልጁ ከነቡድኗ ተቀምጣ፣ ስልኳን ቀርጻ ልታስቀር አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች።

"አሁን ደግሞ" አለ ጉሮሮ፣ "የመጨረሻዋን ኳስ ያስገባው ሰው!" የድሮዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ምን እንደሚያስቃቸው አልገባትም። "ሰዓቱን አስነሡልኝ፤ ትዝታውን ተናግሮ እንዲወረውር!"

ቀዩ ቆጣሪ መሽከርከር ጀመረ። ፊውዝ ኳሷን በአንድ እጁ፣ ማይኩን በሌላው ያዘ። ኳሷ እንዲህ እንደምትከብድ አያውቅም ነበር።

"ያችን ኳስ" አለ፣ "ያስገባሁት እኔ አይደለሁም።"

ሳቅ። ልጅቷ ስልኳን ዝቅ አደረገች።

"ያስገባት ቀጭኔ ነው። እኔ ተጫዋችም አልነበርኩም። ገመድ ጠቅላይ ነበርኩ። ግን... ሰዓቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ።"

ሳቁ ጣሪያ ነካ። አንዱ ከኋላ "እርግቧንም ጨምርባት!" አለ፤ የእርግቧ ወሬ ለካ እዚህም ደርሷል። ጉሮሮ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ።

"ስሙኝ እንጂ። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ሶኬት አለ። በአንዱ የመድረክ መብራት፣ በአንዱ ሰዓቱ ይሰካል። ሰው ወደ ቤቱ ሳይበተን ኮንሰርቱ እንዲጀምር፣ ልክ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የመብራቱን ስፒና ነቅለን ድምፅ ማጉያውን እንሰካ ነበር። እንዳንሳሳት የመብራቱ ላይ ቀይ ፕላስተር፣ የሰዓቱ ላይ ነጭ ለጥፈናል። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጓደኛዬን ላጃጅል ብዬ ፕላስተሮቹን አለዋወጥኳቸው። ከዚያ ረሳሁት። ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይሉ የለ? ቀዩን ነቀልኩ። ቀና ስል ሰዓቱ ቆሟል፤ ሁሉም ኳሷን እንጂ ሰዓቱን የሚያይ የለም። ደንግጬ ቆምኩ። መልሼ የሰካሁት ኳሷ አየር ላይ ሆና ነው።"

"ሶኬቱ ያወራ ነበር አይደል?" አለ አንዱ፤ አዳራሹ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያማረ ውሸት ከፊውዝ ሰምተው አያውቁም። ፊውዝ ማይኩን ይዞ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ ያመኑት ሰዎች፣ አንዲት እውነት ቢያወጣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁበታል።

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቀጭኔ ነው። ሌላዋ ከወንበሯ ተነሥታ፣ አባቷን ሳታይ አልፋ፣ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ፊውዝ ሰዓቱን አየ። ቀዩ ቆጣሪ ሃምሳን አለፈ። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አራት። ሃምሳ ስድስት ላይ ሲደርስ፣ ቀጥ አለ።

ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ጉሮሮ ነበር፣ እሱም ዞር ብሎ ሰዓቱን ሲያይ አቆመ። መጋረጃው ተገለጠ። ልጅቷ ስፒናውን በእጇ ይዛለች።

"አራት ሰከንድ ነበር የቀረው?" አለች፤ አባቷን ሳይሆን ቀጭኔን ነው የጠየቀችው።

"አራት ነበር።"

"እርስዎስ ስንት ቆጠሩ?"

"ዘጠኝ" አለ ቀጭኔ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማው። እያነከሰ ወደ ሜዳው ገባ፣ ኳሷን ከፊውዝ እጅ ወሰደ፣ ያን ቀን የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። ከዘራውን ለፊውዝ አቀበለው። "ስኪው፣ ልጄ።"

ሰካችው። ቆጣሪው ተንቀሳቀሰ። ቀጭኔ ጉልበቱን አመቻቸ፣ ኳሷን ወደ ደረቱ ሳበ፣ ቀና አለ፣ የሰዓቱ ፊሽካ ጮኸ። ኳሷ ገና እጁ ላይ ናት።

ኳሷን እያገላበጠ አያት። "አራት ማለት ይህቺን ያህል ናት ለካ" አለ። ከዚያ ፊቱ ላይ፣ ጥርሱ ተነቅሎ ሕመሙ እንደለቀቀው ሰው ዓይነት እፎይታ ታየ። ማንም አላጨበጨበም። እሱም የፈለገው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ ሦስት እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች። ፊውዝ ሊያስቃት ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቴም መልሶ ዘጋው።

"እርግቧስ?" አለች ዞር ሳትል።

የእርግቧ ላባ ከነቀለሙ፣ ከነጎጆዋ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዋጠው።

"አልነበረችም።"

ትንሽ ሄዱ።

"ለቡድኔ ልጆች ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው ታውቃለህ? ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ነው። 'የአባቴን ኳስ አስቡ' እያልኩ።"

ፊውዝ እርምጃውን አፈጠነ፤ እሷም አፈጠነች።

"ፎቶው ላይ ያለው ክርንስ?"

"እሱ የኔ ነው።"

ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ ፊቱን አየችው፤ ፍሪጅ ሊጠግን የገባበት ቤት ባለቤት የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው። ፊውዝ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ላይ ሰብስቦ ክርኑን ከነጠባሳው ዘረጋላት። ጎንበስ ብላ አየችው። አልነካችውም።

"ነገ ሄጄ ከፎቶው ጋር አስተያየዋለሁ" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ፊውዝ ከኋላዋ ተከተላት፤ ቤት እስኪደርሱ ድረስ እጅጌውን አላወረደውም።