ሽቅብ የተሠራው ሽንት ቤት

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ ብርዱ ጉልበታቸውን ሲበላው ቤታቸውን ለልጃቸው ለቀው ኮምቦልቻ ወረዱ። ቦርከና ወንዝ አቅራቢያ ያገኟት መሬት ርካሽ ነበረች። ለምን እንደረከሰች አልጠየቁም፤ ሻጭ ብዙ ሲጠየቅ ሐሳቡን ይለውጣል ባይ ናቸው።

ምክንያቱን ያወቁት ግንበኛው ዳምጤ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ሲያስቆፍር ነው። ወገብ ሳይደርስ ከሥሩ ውሃ ፈለቀ።

"ጋሼ፣ ይሄ መሬት ወደ ታች አይሆንም" አለ ዳምጤ። "የፍሳሹን ታንከር ከመሬት በላይ እንገንባው። ጎኑ ላይ አሸዋና ጠጠር ከምረን አፈር እናልብሰው፣ ፍሳሹ በዚያ እየተጣራ ይሰርጋል። ሽንት ቤቱ ከላይ ሆኖ በደረጃ ይወጡበታል።"

"ስንት ይፈጃል?"

"አሥራ አንድ ሺህ ብር።"

"በዚህ ብር አምስት በሬ ይገዛል" አሉ ጋሽ ዘይኑ።

"በሬው ላይ ልንቀመጥ ነው?" አለች ሚስታቸው መዲና።

አልሰሟትም። ዳምጤን አሰናብተው በስምንት መቶ ብር ጉድጓዷን ትንሽ አስጠለቁና ዙሪያዋን በቆርቆሮ ከለሉ። በጋውን ደኅና ከረመች። ጋሽ ዘይኑም ነጋ ጠባ "አሥር ሺህ ሁለት መቶ ብር አተረፍኩ" ይሉ ነበር።

"የት አለ? እስቲ አሳየኝ" ትላለች መዲና።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራም። በዚያው ሳምንት የመጨረሻ ሴት ልጃቸውን ኢንሻራህን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከደሴ መጡ። ከምሳ በኋላ አንዱ ሽማግሌ ወደ ጓሮ ወጡና ወዲያው ተመለሱ። ጋሽ ዘይኑ ሄደው ቢያዩ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ መዲና የጎመን መደብ እየፈሰሰ ነው። ሽማግሌውን ጥላ ይዘውላቸው፣ አጥሩን አዙረው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሥርጉት ወሰዷቸው።

"ይግቡ፣ ምን ችግር አለው" አለች ሥርጉት። ሦስተኛውን ሽማግሌ ይዘው ሲመጡ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እንግዶቹ ለሙሽሪት በሚሰጠው መህር ብዙም ሳይከራከሩ ተስማምተው ቶሎ ተነሡ።

"ጉድጓድህ ለአንድ ቀን ጠቀመን" አለች መዲና።

በማግስቱ ዳምጤን ፈልገው አገኙት።

"አሥራ አራት ሺህ ሆኗል ጋሼ። ሲሚንቶ ተወዷል።"

"አሥራ አንድ አልነበረም እንዴ?"

"ያኔ በጋ ነበራ።"

ሰውን በዋጋ ሲያደክሙ የኖሩት ጋሽ ዘይኑ አንድ ብር ሳያስቀንሱ ቀብዱን ቆጠሩ።

ጥቅምት ላይ ጉብታው አለቀ፤ መዲና ሣር ተከለችበት። ጋሽ ዘይኑ ጉልበታቸውን እያሻሹ ሰባቱን ደረጃ ይወጣሉ፤ ከላይ ሆነው የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ ማየቱ ደስ ብሏቸዋል። ሊያይ ለሚመጣ ሁሉ ያስጎበኛሉ። ዋጋውን ሲጠየቁ "አሥራ ስድስት ሺህ በላብኝ" ይላሉ። መዲና አሥራ አራት መሆኑን እያወቀች ሣሯን ታጠጣለች።

ሥርጉትም እንዲሁ ማሠራት አማራትና ዳምጤን ዋጋ ብትጠይቀው፣

"ጋሽ ዘይኑ ስንት አሉሽ?" አላት።