አንድ ቦታ የቀረው ስም

"እንዳትከፍቺለት! ይበስብስ!" አለች ኢብሴ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ሽብሬ ግን ቀድማ ከፍታለታለች። ጌድዮን ከፀጉሩ እስከ ጫማው ርሶ ወደ ትኬት ቢሮው ጓዳ ገባ። ያን ጫማ ኢብሴ ታውቀዋለች፤ ኮንትራቱን ለብቻው በፈረመ ሰሞን የገዛው ነው። እንኳን ረጠበ፣ አለች በልቧ።

ሁለቱ አብረው ተምረዋል። ለአውቶቡስ ባለንብረቶቹ ማኅበር የትኬት ፕሮግራሙን የጻፉትም አብረው ነው። በፊርማው ቀን ኢብሴ ሁሩሙ ለቅሶ ሄዳ ነበር። መቱ ስትመለስ ፕሮግራሙ የጌድዮን ብቻ ሆኖ ጠበቃት። ከየፋይሉ አናት ላይ ስሟ ጠፍቷል። "እሷ እኮ የጻፈችው እኔ የነገርኳትን ነው" እያለም ለከተማው ሁሉ አወራ። ይህቺን ቃል ከሰው አፍ ስትሰማ የተሰማት ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

በቅርቡ ደግሞ ኦቦ ጅራታ የሚባሉ ከመቱ ማዶ ካለችው ቡሬ የመጡ ሰው ሚስታቸውን ለቀዶ ሕክምና ጅማ ሊወስዱ ትኬት ቆረጡ፤ ኋላ ቀኑን አስቀየሩ። አዲሱ ትኬት "ስድስት ሰዓት" ይላል። ቀትር ላይ ሚስታቸውን ደግፈው መናኸሪያ ሲደርሱ መኪናቸው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሄዷል። የቀትሩ መኪና ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሴትዮዋ የቀዶ ሕክምና ተራ አለፈ። ጌድዮን ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የእኔ ፕሮግራም አይሳሳትም፤ ትኬት ቆራጯ ናት ሰዓቱን ያሳሳተችው።" ትኬት ቆራጯ ሽብሬ ታገደች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ተሰብስቦ ወይ ያባርራታል ወይ ይመልሳታል። እሷም ፍርዷን ልትሰማ ነው እዚህ የተቀመጠችው።

የቦርዱ ሊቀመንበር እትዬ ወርቅውሃ ግን ልባቸው አላመነም። ኮዱን አውጥተው ለኢብሴ ሰጧት። "አንቺ እስቲ እይው፤ ያ ልጅ ሲምል በዛብኝ" አሏት።

የኢብሴ ላፕቶፕ ያረጀ ነው፤ አዲስ ነገር ሲጫንበት ያቃስታል። ስለዚህ ኮድ የምትጽፈው ማውዝ በማያውቀው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ በሚያሳየው የድሮ ኤዲተር ነው። ጌድዮን "የአባቶቻችን ኤዲተር" እያለ ሲስቅባት ኖሯል። ይሳቅ! አሮጌ ይሁን እንጂ ያስተማሩትን ይማራል። ክረምቱን ሙሉ አዳዲስ ትእዛዝ የሚጨምርለት ቅጥያ ስትጽፍለት ከረመች። "ሰይም" ስትለው አንድን ስም በየፋይሉ ይቀይራል፤ በጭፍን ሳይሆን የትኛው ስም የምን እንደሆነ ለይቶ። "ሰብስብ" ስትለው ደግሞ እየተገለበጠ በየቦታው የተለጠፈን ኮድ ፈልጎ አንድ ቦታ ያኖርና ሌላው ሁሉ ከዚያ እንዲጠራው ያደርጋል። ለምን ጻፈችው? ለሥራ ነው ትል ነበር። ውሸቷን ነው። ጌድዮን ገልባጭ መሆኑን ታውቃለች፤ አንድ ቀን ያ ኮድ እጇ እንደሚገባም ተስፋ ታደርግ ነበር።

ኮዱ ገባላት። ዛሬ ጠዋት "ሰብስብ" አለችው፤ ሰበሰበላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ትኬቱ ላይ የእኛ ሰዓት እንዲታተም ስድስት መቀነስ ያስፈልጋል። ጌድዮን ይህቺን ቅነሳ አንድ ቦታ እንደማኖር በየፋይሉ እየገለበጠ ለጥፏታል። ትኬት ሲቆረጥ ስድስት ይቀነሳል። ያው ትኬት ሲቀየር፣ በተቀነሰው ላይ ሌላ ስድስት ይቀነሳል። የንጋቱ አሥራ ሁለት የቀትር ስድስት ሆኖ ቁጭ ይላል። የሽብሬ ጥፋት የተባለው ይኸው ነው።

ከዚህ ቅነሳ ይበልጥ የተደጋገመ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር። በየፋይሉ አናት ላይ "የጻፈው፦ ጌድዮን" ይላል። ቅጥያው ስሙንም እንደማንኛውም ግልባጭ ቆጥሮ ከየቦታው ለቀመና "የት ላኑረው?" ብሎ ጠየቃት። ኢብሴ እስኪያማት ሳቀች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"ኢብሴ፣ ማሎ፣ በናትሽ አዳምጪኝ" አለ ጌድዮን።

"እዚያው ቁም። ወለሉን አታጨማልቅ።"

"አገኘሽው አይደል?"

"ከነዘር ማንዘሩ።"

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችለት። ትክክለኛው ቅነሳ ተስተካክሎ አንድ ቦታ ተቀምጧል። የተበላሸው ደግሞ ከሥራ ወጥቶ ለብቻው ተጥሏል፤ ከአናቱ "የጻፈው፦ ጌድዮን" ይላል። በፕሮግራሙ ውስጥ ስሙ የቀረው እዚያ ብቻ ነው።

ጌድዮን ፊቱ ተለዋወጠ። "ይሄማ ይቅር። አንቺ ራስሽ አይደለሽ የማይሠራ ኮድ መቀመጥ የለበትም የምትዪው? እኔ ሳስቀምጥ ስንቴ ጮኸሽብኛል!"

እውነቱን ነው። ኢብሴ የሞተ ኮድ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

"አጥፊው" አለ ጌድዮን። "እኔ ራሴ ገብቼ ሽብሬ አላጠፋችም፣ የማሽን ችግር ነበር እላለሁ። ሥራዋ ይመለስላታል። ኮንትራቱንም አብረን እንይዘዋለን። ስምሽን ከስሜ በላይ አደርገዋለሁ። ይቺን ብቻ ተይልኝ፤ አፈር ስሆን! በዚህ ከተማ ሁለተኛ ማን ሥራ ይሰጠኛል?"

ሽብሬ ነጠላዋን ጫፉን እየጠቀለለች "ኢብሴ፣ ለእኔ ይበቃኛል" አለች። "ሥራዬ ከተመለሰልኝ እኔ ከሰው ጋር መጣላት አልፈልግም።"

"ለአንቺ ይበቃሻል። ለእኔስ?"

ይህን ብላ ራሷ ደነገጠች። ጠዋት ሙሉ ለሽብሬ ብዬ ነው ስትል ነበር። ለሽብሬ የሚያስፈልገው ሁሉ አሁን ተሰጥቷል፤ የእሷ ንዴት ግን አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም። ጌድዮንን እንደዚህ ርሶ፣ እንደዚህ እየለመነ ማየት ደስ ብሏታል። ደስታው ደግሞ አላሳፈራትም።

"ኦቦ ጅራታ ጋ ሄደህ ነበር?" አለችው።

"ማናቸው?"

ሽብሬ አንገቷን ደፋች።

"ኢብሴ!" የእትዬ ወርቅውሃ ድምፅ ከአዳራሹ መጣ። "ሰዉ ተሰብስቧል፤ ነይ ግቢ! ያመጣሽውን በዓይናችን እንየው!"

"መጣሁ እትዬ!"

ጣቷ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አረፈ። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ጌድዮን ጠጋ አለ። "ተባረኪ፣ አዎ፣ እሱን ነው" አለ በሹክሹክታ።

"ላኪ!" አለች ኢብሴ በኦሮምኛ፤ "አይሆንም!" ጣቷን አንሥታ ኮዱን እንዳለ አስቀመጠችው፤ በፍላሽም ገልብጣ ፍላሹን ኪሷ ከተተች።

ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች።

"ሽብሬ፣ ቻርጀሩን ያዥልኝ። ጌድዮን፣ አንተ ላፕቶፑን ተሸከምልኝ። ክዳኑን እንዳትዘጋው፤ አሮጌ ስለሆነ ከተዘጋ ቶሎ አይነሣም።"

ጌድዮን ላፕቶፑን በሁለት እጁ ተቀበላት። ስክሪኑ ላይ ያለው ስሙ ወደ ፊት፣ ወደ አዳራሹ በር ዞሮ ነበር። ኢብሴ ባዶ እጇን ቀድማ ገባች።