ሌላ ሕመም አለብሽ?

ታቢታ መድኃኒቷን ያቆመችው በምስክርነቷ ማግስት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትልቁ አንጀቷ ቆስሎ ደም ሲያስቀምጣት ኖሮ፣ ከተጸለየላት በኋላ ሦስት ሳምንት ሰላም አገኘች። እሑድ የቤተ ክርስቲያኗ መድረክ ላይ ወጥታ «ጌታ አንጀቴን ፈውሶልኛል!» ስትል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከኳየሩ ሁሉ ቀድማ ያቀፈቻት ሩታ ነበረች፤ ጎን ለጎን ቆመው መዘመር ከጀመሩ ስምንት ዓመታቸው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ መድኃኒትሽን ተዪ ያላት ሰው የለም። ድኛለሁ ብላ ክኒን መዋጡ መዋሸት መስሏት ራሷ ነች የተወችው።

ደሙ በሁለተኛው ወር ተመለሰ። ለማን ትናገር? ታቦር ሰፈር፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳ የማታውቃቸው ሰዎች «አንቺ ያቺ የተፈወስሽው አይደለሽ?» ይሏታል። እሷም ፈገግ ብላ «ነኝ» ትላለች።

ከዚያ ሳሉ መጣ። በየጠዋቱ ወፍራም ቢጫ አክታ ትተፋለች፤ መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ላይ ስትደርስ ትንፋሿ እምቢ ይላታል። ባሏ ታምሩ እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ዕድሏ ሆኖ የሳንባ ክፍሉ ነርስ ሩታ ናት።

ዶክተር ዘሪሁን ሽበት ያበቀለ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። «ከሳሉ ሌላ ሕመም አለብሽ?» አላት።

ታቢታ ካርዱን ይዛ የቆመችውን ሩታን አየቻት።

«የለብኝም።»

ሩታ እስክሪብቶዋን አንስታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «የለም» ብላ ጻፈች።

አክታዋ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ የቲቢ ተሕዋስ አልተገኘበትም። ሳሉ ግን አልለቅ አለ፤ ራጇም አላማረም፤ ስለዚህ በጥርጣሬ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላት። ስድስት ወር ዋጠችው። ሳሉ ወይ ፍንክች! በየወሩ ያው ጥያቄ ይጠየቃል፣ ያው «የለም» ይጻፋል። ታቢታ ከቤቷ ጉዱማሌ መናፈሻ ድረስ በእግሯ መሄድ አቃታት። ልምምድ ላይ ተቀምጣ መዘመር ጀመረች፤ በኋላማ ድምፅ ሳታወጣ አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር።

በሰባተኛው ወር ሲቲ ስካን ተነሣች። ዶክተር ዘሪሁን ፊልሙን ደጋግሞ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ቲቢ አይመስለኝም። የአየር ቧንቧዎችሽ ተጎድተው ሰፍተዋል። አንዳንዴ አንጀቱ የሚቆስል ሰው ሳንባውም አብሮ ይታመማል፤ አንዱ በሽታ ነው ሁለቱንም የሚጎዳው። አንጀትሽ እንዴት ነው?»

ታቢታ ክው አለች። ያን ያህል የደበቀችው በሽታ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ብላ እንዴት ታስብ? ሩታ እዚያው ቆማለች። ታቢታ ግን መደበቁ ራሱ ሰልችቷት ነበር።

«ደም ያስቀምጠኛል» አለች መሬት መሬት እያየች። «ተመልሶብኛል። ዋሽቼዎታለሁ ዶክተር።»

«ምነው ያኔ በነገርሽኝ!» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንጀትሽን በካሜራ እናይና ለሁለቱም መድኃኒት እንጀምራለን። እንዳይብስ እንታገላለን። የተበላሸው ሳንባ ግን አይመለስም።»

«መዘመርስ?»

«እንደ ድሮው አይመስለኝም፣ ታቢታ።»

ሩታ ደግፋ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። ታቢታ እጇን ያዘቻት። «ይቅር በይኝ፣ ሩትዬ። አንቺን እንኳ ዋሸሁሽ።»

ሩታ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አውቅ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ ከአንቺ ቀጥዬ ሽንት ቤት ስገባ ደሙን አይቼዋለሁ። ገና ሳሉ ሳይጀምርሽ በፊት። ምስክርነትሽን ማፍረስ ከበደኝ። እያወቅኩ ነው ‹የለም› ብዬ የጻፍኩት።»

ታቢታ ልትጮህባት አየር ሳበች። ሳሉ ቀደማት።