የመጀመሪያው ጉንጭ

ካዛንቺስ፣ አዲሱ ፎቅ ሥር፣ አንድ ወይን ጠማቂ ኩባንያ መሸጫ ከፈተ። በሩ ብቻ የእኔን ልብስ ስፌት ቤት ያክላል። ለምርቃቱ እኔንና ጎረቤቴን ወይዘሮ ለምለምን ጠሩን። እኔ መጠጥ አልቀምስም፤ የሄድኩት ለጉርብትና ነው።

ወይዘሮ ለምለም ሠላሳ ዓመት ጠጅ ሸጠዋል። ብርሌውን ለእንግዳ ከማቅረባቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ። ምንም የለበትም ማለት ነው። አሳላፊው ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም፤ በቃ፣ ወጉ ነው።

ነጭ ጓንት ያጠለቀ አስተናጋጅ መጣና በትልቅ ብርጭቆ አንድ ጉንጭ የማይሞላ ወይን ቀዳላቸው። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። እሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁት።

«ጦይብ፣ ይሄ ልጅ ምን ይጠብቃል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔ ምን አውቄ! የያዝኩት ውሃ ነው።

እሱ እሳቸው እስኪቀምሱ፣ እሳቸው እሱ እስኪቀምስ ሲጠባበቁ ደቂቃ አለፈ። ሱፍ ለባሾቹ እንግዶች ዞር ዞር እያሉ ያዩን ጀመር።

«ይቅመሱት እንጂ፣ እማማ» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ቅመስ እንጂ!»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ መጠጣት አይፈቀድልኝም። እርስዎ ቀምሰው ካልወደዱት እቀይርልዎታለሁ።»

ወይዘሮ ለምለም ብርጭቆውን በአንድ ጣት ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«ቀማሹ እኔ ከሆንኩ፣ ልጄ፣ እንግዳው ማነው?»