ለአንድ ቀን ባለትዳር

በእኛ ከተማ፣ በቪሻካፓትናም፣ ባሏ የሞተባት ሴት ገደ ቢስ ናት። ለመንገድ የወጣ ሰው ከፊቱ ካያት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሠርግ ላይማ ስሟም አይነሳ። እኔ ናርሳማ ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ልጄን ሲንዱጃን ለልጁ የሚያይ ቤተሰብ ከራጃመንድሪ ሲመጣ ታዲያ የባሌ ወንድም አፓላራጁ ከቤቴ እንዳልወጣ፣ ፊቴንም እንዳላሳይ አዘዘኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ቤተሰቦች ቤታችን መጥተው፣ ሻያችንን ጠጥተው፣ እኔን ካዩ በኋላ በዚያው ቀርተዋል። የአሁኑ መተያየት ከተማ በማስጎብኘት ሰበብ ውጭ የሆነው ለዚሁ ነው።

ቆዪ መባል ሰልችቶኛል። የሰው ልብስ ስሰፋ ዓይኔ እስኪደክም ያሳደግኳትን ልጅ የሚወስደውን ሰው፣ በሠርጉ ቀን ከጓዳ ሆኜ ድምፁን ብቻ ልስማ? አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩ። ግንባሬ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግሁ፤ አረንጓዴ የመስታወት አምባር ገዝቼ እጄ ላይ ደረደርኩ፤ ፀጉሬ ላይ አበባ ሰካሁ። ባሏ በሕይወት ያለ ሴት መሰልኩ። ከዚያ እንደማንኛውም ጎብኚ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ባሕሩ ዳር ለጎብኚ የቆመው ሰርጓጅ መርከብ ደጅ ላይ ደረስኩባቸው። አፓላራጁ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሲንዱጃ አንገቷን ደፋች። ማን ናት ብሎ ያስተዋውቀኝ? እንደማያውቀኝ ሆኖ ቲኬት ሊቆርጥ ዞረ። ልጁን አየሁት። ቫምሲ ይባላል፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ የእናቱን ቦርሳ ተሸክሞ የሚከተል። አንጀቴን በላው። በቃ አየሁት፣ እንደ ጎብኚ መርከቡን ከኋላቸው ዞሬ ልመለስ ብዬ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ መርከቡ ውስጥ ካሉት ክብ በሮች አንዱ ላይ እናቱ ማኒክያማ ተሰነቀረች። ሴትዮዋ ወፍራም ናት፤ ወንዶቹ ሊነኳት አፍረው ቆሙ። እኔው ከኋላ ገፍቼ አሳለፍኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ እጄን አለቅም አለች። ወደ ካይላሳጊሪ ኮረብታ በሽቦ የምትጎተተው ሳጥን ውስጥ ስንገባ እንኳ የራሷን ሰዎች ወደ ሌላው ሰዳ እኔን አጠገቧ አስቀመጠች።

ባልሽስ የት ነው አለችኝ። ወደብ ነው አልኳት። አልዋሸሁም፤ ወደብ ሥራ እንደሄደ ነው የቀረው። ከዚያ ሆዷን ከፈተችልኝ። ልጅቷን ወዳታለች፤ አካሄዷም አነጋገሯም ደስ ብሏታል።

"የምታሳዝነኝ እናትየዋ ናት" አለች። "ባሏ ሞቶባታል አሉ። ሠርጉ ላይ እንደማትታይ የልጅቷ አጎት ምሎልኛል። ምን ታደርጊዋለሽ እህቴ፣ ለልጆቹ ሲባል ነው።"

ልክ ነሽ አልኳት። ከታች ባሕሩ፣ ማዶ ወደቡ ይታያል። ወደዚያ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ሲምሃቻላም ቤተ መቅደስ ወጣን። ማኒክያማ ጸልያ ስትመለስ ልቧ ቆርጦ ነበር፤ ልጅቷን ተቀብያለሁ አለች። አፓላራጁ እፎይ አለ። በእነሱ ቤት ወግ ግን ቃሉ የሚጸናው ከልጅቷ ከተማ የሆነች፣ ባሏ ያለ ሴት ግንባሯን በቀይ ዱቄት ስትቀባት ነው። የአፓላራጁ ሚስት ጉልበቷን አሟት ቤት ቀርታለች። ማኒክያማ ዞር ዞር ብላ አየችና እኔ ላይ ቆመች።

"እህቴ፣ አንቺ አድርጊላት። ገደኛ ሴት ነሽ።"

አፓላራጁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምን ብሎ ይከልክል? እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላልኩም። በልጄ ሠርግ በእጄ የምሠራው ነገር ይኸው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱንም እግዜር ሰጠኝ ብዬ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አውራ ጣቴን ዱቄቱ ውስጥ ነክሬ ሲንዱጃ ግንባር ላይ አሳረፍኩ። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ማኒክያማ እግራቸውን ንኪ፣ ይመርቁሽ አለቻት። ሲንዱጃ አጎነበሰች። ዕድሜ ይስጥሽ አልኳት፣ ባልሽን ያቆይልሽ። ምርቃቴን ሳልጨርስ ቀና አለች። ግንባሯ ባዶ ነው፤ የልብሷ ጫፍ ቀልቷል። እኔን አላየችኝም፤ ወደ ማኒክያማ ዞረች።

"ላብ አጠፋው" አለች። "እርስዎ ያድርጉልኝ።"

ማኒክያማ ሙቀቱን እያማረረች እንደገና ቀባቻት። ደረጃውን ሁሉ ወርደው መኪናቸው ውስጥ እስኪገቡ ከኋላ ሆኜ አየኋት። የማኒክያማ አልጠፋም።