ሼህ ኑርሁሴን ጤነኛ የሆኑ ዕለት

እኔ ምላሴ አያርፍም። ይህን መርሳ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጠው ሁሉ ያውቀዋል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ በሽተኛው «እዚህ ጋ...» ብሎ ሳይጨርስ «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ቀንስ!» ብዬ እሸኘው ነበር። ብዙ ጊዜም ልክ ነበርኩ! ወልድያ ገብቼ በቤተሰብ ጤና ነርስነት ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር ግን ይኸው ምላሴ ጉድ ሠራኝ። በመጀመሪያው የተግባር ፈተና በሽተኛዋ የተጠየቀችውን ሁሉ እኔ መለስኩላትና ወደቅሁ።

«ናጅዋ፣ የቀረሽ አንድ ዕድል ነው» አለችኝ መምህርቷ ብሌን። በዕድሜ ታናሼ ናት፤ ስትቆጣ እንኳ ድምጿ ከፍ አይልም። «አሁንም ከወደቅሽ ከትምህርቱ ትሰናበቻለሽ። ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም በይ። ለታካሚው መልሱን ካቀበልሽው ፈተናውን እዚያው አቆመዋለሁ።»

የምፈተነው ስድስት ወር ስከታተለው በቆየሁት ቤት ነው፤ ከመርሳ በባጃጅ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሼህ ኑርሁሴንና ባለቤታቸው እትዬ ቶይባ ዘንድ። ሼህ ደም ግፊት አለባቸው፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ጉልበታቸውም አልታዘዝ ብሏል። የኔ ሥራ ይህን ሁሉ ብሌን ፊት ጠይቄ ማውጣትና መላ መፈለግ ነው። ምን ቀላል ነገር አለ? ታዲያ ዋዜማውን ሄጄ «ነገ የምፈተነው በአንቱ ነው ሼህ፤ ብወድቅ አለቀልኝ» አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በማግስቱ ከብሌን ጋር ስንደርስ ሼህ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አዲስ ጥምጣም ጠምጥመው በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ሼህ፣ ዛሬ ምን ያምዎታል?» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! ምንም።»

«ራስ ምታቱስ?»

«የምን ራስ ምታት?»

ባለፈው ሳምንት ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ሲያቃስቱ ያገኘኋቸው እኔው ነኝ! «ጉልበትዎስ?» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

«የጎረምሳ ጉልበት ነው፣ ልጄ።»

«እንቅልፍስ?»

እትዬ ቶይባ ከጓዳ ብቅ አሉና «እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው!» አሉ።

ቆሽቴ አረረ። «ኧረ በአላህ፣ አትዋሹ!» ልል አፌን ስከፍት ብሌን እስክሪብቶዋን አነሣች። ቃሉን እንደ መራራ ኮሶ ዋጥኩት።

አፌ ሲዘጋ ዐይኔ ሥራ ጀመረ። ሼህ ለእንግዳዋ የተሻለ ትራስ ሊያመጡ ብድግ ሲሉ ምሰሶውን ጨበጡ። ግንባራቸው ላቦት ችፍ ብሎበታል፤ ከንፈራቸውም ነጥቷል። ደግፌ አስተኛኋቸውና ግፊታቸውን ለካሁ። ሰማንያ በሃምሳ! የእኒህ ሰውዬ ግፊት ከመቶ አርባ ወርዶ አያውቅም። እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅዬ ክኒኑን አስመጣሁ። ትናንት ስቆጥር ዐሥር ነበር፤ ዛሬ ዘጠኝ መሆን ሲገባው ሰባት ሆኗል።

«ሼህ፣ ዛሬ ስንት ዋጡ?» አልኩና ዝም አልኩ።

እሳቸው ጣራ ጣራውን ያያሉ። እኔ ዝም። ብሌንም ዝም። ያ ዝምታ እንዴት እንደረዘመብኝ አላህ ነው የሚያውቀው።

«ሦስት!» አሉ እትዬ ቶይባ መቋቋም አቅቷቸው። «ሦስቱንም ባንድ ጊዜ! ኧረ ተው ብዬው ነበር!»

ሼህ አፈሩ። «ግፊቴ ዝቅ ሲል ማርኳ ከፍ የሚል መስሎኝ ነው» አሉ። «ልጅቱ ስድስት ወር ሙሉ ደክማብኝ፣ እንግዳ ፊት በሽተኛ ሆኜ ላዋርዳት?»

ልስቅ ነው ወይስ ላለቅስ? ባጃጅ እንዲጠራ የጎረቤት ልጅ ላክሁና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «እንግዲህ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኩ። አላቋረጥኳቸውም።

የራስ ምታቱን ነገሩኝ፣ የጉልበታቸውን ነገሩኝ። ከዚያም፦ «ይህን ክኒን አንዷን እንኳ ብውጥ ሰግጄ ቀና ስል ያዞረኛል። አንዳንዴ ሶላቴን እንዳያበላሽብኝ ሳልውጥ የምጥልበት ቀን አለ።»

«ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ አንቺ መች ፋታ ሰጠሽኝ?»

ደነገጥኩ። አፈርኩም። ስድስት ወር ሙሉ ክኒን እየቆጠርኩ፣ ስለ ጨው እየለፈለፍኩ፣ ዋናው ነገር የእኚህ ሽማግሌ ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ብሌን ፊት ተናገርኩ። ጤና ጣቢያ እስከ ማታ እንዲቆዩ፣ የመድኃኒቱ መጠንና የሚውጡበት ሰዓት ከሐኪሙ ጋር እንዲታይ ጻፍኩ። ያለፍኩም የወደቅሁም አልመሰለኝም፤ ፈተናውን ረስቼዋለሁ።

ግፊታቸው ዘጠና አምስት ሲሆን ባጃጁ ደረሰ። ሼህ ግን አልነሣም አሉ።

«አለፈች ወይ?» አሉ ወደ ብሌን ዞረው።

«ውጤት የሚነገረው በሚመጣው ሳምንት ነው፣ ሼህ።»

«እንግዲያው እኔም እስከ ሳምንት እዚሁ ነኝ።»

ብሌን ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቋ አመለጣት። «አልፋለች» አለች።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሼህ እጃቸውን እየዘረጉልን። «በሉ አንሡኝ፤ እንግዲህ እንደ ልቤ ልታመም።»